ለሥራ የተሸጠው በሬ

በደቡብ ወሎ በአንዲት የገጠር ቀበሌ አንድ ቤተሰብ አለ። አባት፣ እናትና አምስት ልጆች ናቸው። መሬታቸው ትንሽ ነው። በሬዎቻቸው ግን ሁለት ነበሩ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ዳልቻ። ሁለት በሬ ያለው ገበሬ የሰው ደጅ አይጠናም። ዝናብ ሲመጣ በፈለገው ቀን ያርሳል።

ዛሬ ቀዩ በሬ የለም። አልሞተም። አልተሰረቀም። በ65,000 ብር ገበያ ላይ ተሸጠ። የተሸጠውም «ለልጅቱ ሥራ» ተብሎ ነው። ሥራው ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

እናቲቱ እኔ በማስተምርበት የጎልማሶች ክፍል ይማራሉ። ይኸን ታሪክ እንድጽፍ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። «ጻፈው ልጄ፤ ሌላው ሰው እንኳ ይትረፍ» አሉኝ። «ስማችንን ግን ተወው» አሉ። እኔም ስማቸውን ትቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤቱ ታላቅ ልጅ ሴት ናት። ዕድሜዋ 20 ነው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። ባለፈው ጥር ወር አንድ ቀን ማታ በስልኳ መልእክት መጣ። ልጅቱ መልእክቱን ለእናትና ለአባቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እናቲቱ ያኔ ፊደል ገና አልቆጠሩም ነበር። «እኔ የሰማሁት ዱባይ የሚለውንና ሰማኒያ ሺህ የሚለውን ብቻ ነው» ይላሉ። «ሌላው ቃል በጆሮዬ አልፎ ሄደ።»

መልእክቱ እስከ ዛሬ በልጅቱ ስልክ ውስጥ አለ። እንዲህ ይላል፦

«እንኳን ደስ አለዎት! በዱባይ ሆቴል ለጽዳት ሥራ ተመርጠዋል። ትምህርትና ልምድ አይጠየቅም። ደመወዝ በወር 80,000 ብር። የቀረው ቦታ 5 ብቻ ነው። እስከ ነገ ማታ ድረስ የምዝገባ 2,500 ብር በዚህ ስልክ በቴሌብር ያስገቡ። ለሌላ ሰው አይንገሩ።»

በማግሥቱ እናቲቱ ቅቤና ዶሮ ሸጡ። 2,500 ብር ተላከ። ወዲያው ስልክ ተደወለ። የደወለው ሰው ጨዋ ነው። ልጅቱን «እህቴ» ይላታል። አባትየውን «አባቴ» ይላል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል። «የእኛ ሰው ነው፤ አነጋገሩ የእኛ ነው» ተባለ።

ከሳምንት በኋላ «የጤና ምርመራ 9,000 ብር» አለ። ሁለት በግ ተሸጠ። ከዚያ «ቪዛው ወጥቷል፤ 35,000 ብር ካልከፈላችሁ ለሌላ ሰው ይሰጣል» አለ። ቪዛ ማለት ወደ ሌላ አገር የመግቢያ ፈቃድ ማለት ነው። ይኸን ጊዜ ነው ቀዩ በሬ ገበያ የወጣው። ገንዘቡ ተላከ። በሦስተኛው ቀን «የአውሮፕላን ቲኬት 28,000 ብር» ተባለ። እሱም ተላከ።

እስቲ እርሳስ አንሡና ደምሩ። 2,500፣ 9,000፣ 35,000፣ 28,000። ድምሩ 74,500 ብር ይሆናል።

ከበሬው ዋጋ 2,000 ብር ተርፎ ነበር። በእሱ ለልጅቱ ሻንጣና ነጠላ ተገዛላት። «ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦልቻ መናኸሪያ ጠብቂኝ፤ ፓስፖርትሽን፣ ቪዛሽንና ቲኬትሽን ይዤ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ልጅቱ ሄደች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምራ ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። እኩለ ቀን ሆነ፤ ዝግ ነው። ማታ አንዲት ሻይ የምታፈላ ሴት አዝና አሳደረቻት። እሑድ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

አሁን በቤቱ የቀረው ዳልቻው በሬ ብቻ ነው። አንድ በሬ አያርስም። ስለዚህ አባትየው ከጎረቤት ጋር መቀናጆ ገቡ። ጎረቤታቸውም ያላቸው አንድ በሬ ነው። ሁለቱን በሬ አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። ዝናቡ ግን ተራ አይጠብቅም። የዘንድሮው ጤፍ የተዘራው ዘግይቶ ነው።

መልእክቱን አብረን እናንብበው

ይኸን መልእክት በክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ አነበቡት። እናቲቱም ያ ያለፋቸውን ቃል ሁሉ በገዛ ዓይናቸው አነበቡ። እናንተም አሁን ወደ ላይ ተመለሱና ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

«ተመርጠዋል» ይላል። ማን መረጣት? ልጅቱ ለማንም ማመልከቻ አልጻፈችም። ስሟን የትም አላስመዘገበችም። ያልተመዘገበ ሰው እንዴት ይመረጣል? ደግሞም መልእክቱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ የልጅቱ ስም የለበትም። ስሟን ስለማያውቅ ነው። ይኸው መልእክት በዚያው ማታ ለብዙ ሰው ተልኮ ይሆናል። ዓሣ አጥማጅ መረብ ሲጥል ዓሣውን በስሙ አይጠራም።

«ትምህርትና ልምድ አይጠየቅም» ይላል። ደመወዙ ግን 80,000 ብር ነው። እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። «እንዴ! ይኸን ያህል የሚከፈልበት ሥራ ካለ፣ የሚደውለው ሰው ለራሱ ለምን አይሄድበትም?» አሉ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እናቲቱም አብረው ሳቁ። ከጥር ወዲህ ስለዚህ ነገር ሲሥቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«የቀረው ቦታ 5 ብቻ ነው፤ እስከ ነገ ማታ» ይላል። ይኸ የማዋከቢያ ቃል ነው። የተዋከበ ሰው አይጠይቅም። እኛ በሬ ስንገዛ እንኳ ጥርሱን እናያለን። ሸሆናውን እናያለን። ባለቤቱን «ከየት አመጣኸው?» እንላለን። ጊዜ እንወስዳለን። ለልጅ ሥራ ግን አንድ ሌሊት ብቻ ተሰጠን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጊዜ ካገኘን እንመረምራለን፤ ከመረመርን እንደርስበታለን።

«በዚህ ስልክ በቴሌብር ያስገቡ» ይላል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ጥሩ ነገር ነው። ከተማ ያለ ልጅ ለእናቱ ገንዘብ ይልክበታል። ነገር ግን ስልክ ለደግም ለክፉም ያገለግላል። የተላከውን ገንዘብ ሌባው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያወጣው ይችላል። ሲም ካርዱም በሌላ ሰው ስም የወጣ ሊሆን ይችላል። ሥራ አስቀጣሪ ነኝ የሚል ድርጅት ገንዘብ የሚቀበለው በግለሰብ ስልክ ከሆነ፣ ደረሰኝም ካልሰጠ፣ እዚያ ላይ መቆም ነው። ደረሰኝ ማለት ገንዘብ መቀበሉን የሚመሰክር፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነው።

የመጨረሻው ቃል ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። «ለሌላ ሰው አይንገሩ» ይላል። ሠርግና ሥራ እኮ የሚነገር ነገር ነው! እውነተኛ ሥራ ለምን ይደበቃል? ቢነገርስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? በዚያው ቀበሌ አንድ መምህር አለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አለች። ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ቀዩ በሬ ዛሬ በረት ውስጥ ነበር።

በመልእክቱ ውስጥ የሌለውንም ማንበብ ያስፈልጋል። የድርጅቱ ስም የለም። የቢሮው አድራሻ የለም። የፈቃድ ቁጥር የለም። የሆቴሉ ስም እንኳ የለም። አንድ ቁጥር ብቻ አለ፤ ገንዘብ የሚገባበት ስልክ።

አንዳንድ ሰው «እንዴት አራት ጊዜ ይከፍላሉ? ሞኞች ናቸው» ይል ይሆናል። እኔ እንደዚያ አልልም። ሌባው አስቀድሞ 74,500 ብር ቢጠይቅ ኖሮ ማንም አይሰጠውም ነበር። መጀመሪያ የጠየቀው የዶሮና የቅቤ ዋጋ ነው። ቀጥሎ የበግ። ከዚያ የበሬ። ሰው አንዴ ከከፈለ በኋላ የከፈለው እንዳይጠፋበት ሲል ሌላ ይከፍላል። «አሁን ብንተወው ያ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው» አሉ አባትየው። በሬውን ያስሸጣቸው ይኸ ሐሳብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ደግሞስ እኔ ማንን ሞኝ ልል ነው? እኔም ተታልያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። በቴሌግራም ላይ «ቤትዎ ሆነው ጽሑፍ በመተየብ በቀን 1,000 ብር ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። ለመታወቂያ 600 ብር ላክሁ። ለሥልጠና 1,200 ብር ላክሁ። ገንዘቡ እናቴ ለምግብና ለደብተር የላከችልኝ ነበር። ሥልጠናው የሚጀመርበት ቀን ሲደርስ ከቴሌግራሙ አስወጡኝ። መልእክት ብልክ አይደርስም። እንግዲህ እኔ ማንበብ እችል ነበር። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አነብ ነበር። አነበብኩ እንጂ አልጠየቅሁም። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ ይኸን ካነበበች አሁን ትሰማለች።

በስልክ የሚመጣው ማታለያ መልኩ ብዙ ነው። አንዳንዱ አስቀድሞ ገንዘብ ይሰጣል። «ይኸን ቪዲዮ ተመልክታችሁ ምልክት አድርጉ፤ ይከፈላችኋል» ይላል። በእርግጥም 100 ወይም 200 ብር ይልካል። ሰው ያምናል። ከዚያ «ትልቁን ሥራ ለማግኘት 5,000 ብር አስይዙ» ይላል። የተያዘው ገንዘብ አይመለስም። ለአይጥ ወጥመድ ላይ የሚደረገው ቁራሽ ሥጋ እኮ እውነተኛ ሥጋ ነው።

ገንዘቡን ማን ይከፍላል?

ወደ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሕጋዊ መንገድ ሄደው ሠርተው፣ ቤት ሠርተው፣ ወንድም እህት ያስተማሩ አሉ። በእኛ ቀበሌም የቆርቆሮ ቤቱን ማን እንዳሠራው ሁሉም ያውቃል። ክርክሩ መሄድ አለመሄድ አይደለም። በየትኛው መንገድ፣ በማን እጅ የሚለው ነው።

በዚህ ላይ ሕግ አለ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ይባላል። በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። አዋጅ ማለት ሕግ ማለት ነው። ሥራ ስምሪት ማለት ሠራተኛን ከሥራ ጋር ማገናኘት ማለት ነው። ሕጉ ወጪውን ለሁለት ይከፍለዋል።

የቪዛውን ገንዘብ የሚከፍለው አሠሪው ነው። የደርሶ መልስ መጓጓዣውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በዚያ አገር የሚያስፈልገውን የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ኢንሹራንሱንም እንዲሁ። አሠሪ ማለት ሠራተኛዋን የሚያሠራት፣ ደመወዝ የሚከፍላት ማለት ነው።

ሠራተኛዋ የምትከፍለው ሌላ ነው። የፓስፖርቷን ትከፍላለች። የጤና ምርመራና የክትባቱን ትከፍላለች። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ መሆኗን የሚያሳይ ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የምታወጣው በራሷ ወጪ ነው። ነገር ግን ይኸን ሁሉ የምትከፍለው አገልግሎቱን ለሚሰጣት ለዚያው ቦታ ነው። የምርመራውን ለሐኪም ቤት፣ የፓስፖርቱን ለፓስፖርት ሰጪው መሥሪያ ቤት። በእጇም ደረሰኝ ትይዛለች።

አሁን ያ ሰው የጠየቀውን መልሳችሁ ተመልከቱ። የቪዛ 35,000 ብር አለ። ቪዛ የአሠሪው ዕዳ ነው። የቲኬት 28,000 ብር አለ። ቲኬትም የአሠሪው ዕዳ ነው። ሁለቱን ስትደምሩ 63,000 ብር ነው። በሬው የሄደው ልጅቱ መክፈል ለማይገባት ነገር ነው። 9,000 ብር የጠየቀበት የጤና ምርመራ ደግሞ የተንኮሉ ተንኮል ነው። ምርመራን በእርግጥ ሠራተኛዋ ትከፍላለች። ግን ሳትመረመር፣ ሐኪም ቤት ሳትረግጥ ለማን ከፈለች? ሌባ ከውሸቱ ጋር ትንሽ እውነት ይቀላቅላል። አውቆ ነው።

ሠራተኛ ወደ ውጭ የሚልክ ኤጀንሲ ከሠራተኛዋ የአገልግሎት ዋጋ መቀበል በሕግ አይፈቀድለትም። አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ፈቃድ ያለው ድርጅትም ቢሆን ዋጋውን የሚያገኘው ከአሠሪው እንጂ ከሥራ ፈላጊው አይደለም። «ቅጽ መሙያ ክፈሉ»፣ «ቦታ ማስያዣ ክፈሉ» የሚል ካለ መንገዱን ስቷል።

ወደ ውጭ ሰው የሚልክ ኤጀንሲ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን የሚሰጠው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ይኸ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ2014 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። በወረዳችሁ የሥራ ስምሪት ጉዳይ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አለ። እዚያ ሂዱና «ይኸ ኤጀንሲ ፈቃድ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም። ለመኪና ጥቂት ብር ብታወጡ ከበሬ ዋጋ ያንሳል።

ሰውዬው «ለጊዜው በጉብኝት ቪዛ ትግባና ሥራውን እዚያ ታገኛለች» የሚል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጠንቀቅ በሉ። የጉብኝት ቪዛ አገር ማያ ነው። መሥሪያ አይደለም። በዱባይም ቢሆን በጉብኝት ቪዛ መሥራት ክልክል ነው። በዚህ ዓይነት የገባች ልጅ ደመወዟን ብትከለከል አሠሪዋን ለመክሰስ ትፈራለች፤ እሷ ራሷ ሕግ ጥሳለችና።

ከዚያ ደግሞ ውል አለ። ውል ማለት ሠራተኛና አሠሪ የተስማሙበት፣ የተፈራረሙበት ወረቀት ነው። በሕጋዊው መንገድ ውሉ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይቶ ይጸድቃል። በውሉ ላይ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፣ የደመወዙ ልክ፣ የሥራ ሰዓቱ፣ የዕረፍት ቀኑ ይጻፋል። እናንተ አሁን ማንበብ ጀምራችኋል። ውሉን «አምጣው» በሉ። ጊዜ ቢፈጅባችሁም አንብቡት። ጣታችሁን ከቃሉ በታች እያስኬዳችሁ አንብቡ፤ ማንም አይሥቅባችሁም። ባልገባችሁ ቃል ላይ ቁሙ። በባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ቅጂውን በሳጥናችሁ አስቀምጡ። ዕድሜዋ 18 ያልሞላ ልጅ ደግሞ ወደ ውጭ ለሥራ እንድትሄድ ሕጉ አይፈቅድም። «ዕድሜዋን ጨምሬ አስጽፍላታለሁ» የሚል ደላላ ለልጅቱ አዝኖ አይደለም።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘብ ሄዶ ሰው ከቀረ ግን ቤተሰቡ ከከፋው ተርፏል። ልጅቱ ኮምቦልቻ ደርሳ ተመለሰች። ሳይመለሱ የቀሩ አሉና።

ከእኛ በጣም ርቆ በምሥራቅ ታይላንድ የሚባል አገር አለ። ጎረቤቱ ምያንማር ይባላል። በሁለቱ መካከል ወንዝ አለ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ወጣቶች በኢንተርኔት «ታይላንድ የኮምፒውተር ሥራ አለ፤ ደመወዙ ጥሩ ነው» ተብለው ሄዱ። ታይላንድ ሲደርሱ በመኪና ተጭነው ወንዙን ተሻገሩ። ወንዙን ሲሻገሩ ምያንማር ገቡ። በዚያ በታጠሩ ግቢዎች ውስጥ አስገቧቸው። በሩን የሚጠብቀው መሣሪያ የያዘ ሰው ነው።

የተሰጣቸው ሥራ ምን መሰላችሁ? በስልክና በኮምፒውተር ሌላውን ሰው ማታለል ነው። የተታለለው ሰው አታላይ ሆኖ እንዲሠራ ተገደደ። እምቢ ያለ ይደበደባል። ብዙዎች በኤሌክትሪክ ተሠቃይተዋል። ለመውጣት የፈለገ «ቤተሰቦችህ ገንዘብ ይላኩ» ይባላል። በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእነዚህ ግቢዎች 260 ሰዎች ወጥተው ለታይላንድ ተሰጡ። ከ260ው ውስጥ 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ብዙዎቹ የተማሩ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ የከተማ ልጆች ናቸው። ከተማ ያስተማራችሁት ልጅ ካላችሁ ይኸን አንብቡለት።

ደላላ ሁልጊዜ በስልክ ብቻ አይመጣም። የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል። ከአረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት ልትሆን ትችላለች። እሷም ራሷ ተታላ ይሆናል፤ ሰው ባመጣች ቁጥር የሚከፈላትም ሊሆን ይችላል። ዘመድ ነው ብሎ ደረሰኝ አለመጠየቅ በእኛ አገር እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ዘመድም ቢሆን ወረቀቱን ያሳይ።

አንድ ነገር አልተናገርኩም። እናቲቱ ነገሩን ለሦስት ሳምንት ደብቀውት ነበር። «መንደሩ ይሥቅብናል» ብለው ነው። ደግሞም «ብንናገር እኛንም ያስሩናል» ብለው ፈርተው ነበር። መታለል ወንጀል አይደለም። ማታለል ነው ወንጀሉ። ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርና በሰው መነገድም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ከባድ ቅጣት አለው። ግን ሦስት ሳምንት ለሌባ ብዙ ጊዜ ነው። ሲም ካርዱን ይጥላል። ገንዘቡን ያጠፋል።

ደግሞ በእነዚያ ሳምንታት ሌላ ሰው ደወለ። «የተበላችሁትን ገንዘብ አስመልስላችኋለሁ፤ ለጉዳይ ማስፈጸሚያ 3,000 ብር ላኩ» አለ። ይኸም ያው ሌባ ወይም የሌባ ወንድም ነው። ደግነቱ የሚላክ ገንዘብ አልነበራቸውም።

መልእክቱን አለማጥፋታቸው ግን ጠቀመ። ገንዘብ ሲላክ በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ አለ። በእሱ ላይ የተላከበት ቀን፣ የገንዘቡ ልክና የግብይቱ ቁጥር ተጽፏል። አራቱም ማረጋገጫዎች በልጅቱ ስልክ ውስጥ ነበሩ። እናቲቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ደብተሩ የፊደል ልምምድ ደብተራቸው ነው። በአንዱ ገጽ ላይ «ሀ ሁ ሂ» አለ። በሚቀጥለው ገጽ ላይ የሌባው ስልክ አለ።

በሐምሌ ወር አንድ ዓርብ ማታ በክፍል ውስጥ ሳለን የእኒያ ሽማግሌ ተማሪ ስልክ ጮኸች። መልእክት ነው። ሽማግሌው መነጽር የላቸውም። ስልኩን ለእናቲቱ ሰጧቸው። እናቲቱ ወደ መብራቱ ቀረብ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «እን-ኳን ደስ አ-ለ-ዎት» አሉ። ቆም አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እስከ መጨረሻው አነበቡት። ዱባይ የሚለው ኳታር ሆኗል እንጂ ሌላው ያው ነው።

ሽማግሌው ደወሉ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ሄሎ አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት!» አለ ሰውዬው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ቢሮአችሁ የት ነው?»

«ቢሮው አዲስ አበባ ነው አባቴ። እርስዎ አይድከሙ፤ በስልክ ይጨርሳሉ።»

«ግዴለም፣ እንመጣለን። የድርጅቱን ስም ንገረኝና ልጻፈው። የፈቃዱንም ቁጥር።»

«ጊዜ የለም እኮ አባቴ! ቦታው ሊያልቅ ነው።»

«ያልቅ። ቪዛውንስ የሚከፍለው ማን ነው? በአዋጁ አሠሪው ነው ይላል» አሉ ሽማግሌው። እንዲህ ሲሉ ወደ እኔ ዓይናቸውን ጠቀሱ።

ሰውዬው ዝም አለ። ቀጥሎ ተሳደበ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እናቲቱ አልሳቁም። ደብተራቸውን ገልጠው የጥሩን ቁጥርና አዲሱን ቁጥር ጎን ለጎን አዩት። «ቁጥሩ አንድ አይደለም» አሉ። ጥቂት ቆይተው «ድምፁ ግን ያ ድምፅ ነው» አሉ። እርሳስ አንሥተው አዲሱን ቁጥር ከድሮው በታች ጻፉት። ቀኑንም ጻፉበት።

ሰኞ ዕለት ደብተሩን ይዘን ወደ ወረዳው ፖሊስ ሄድን። መርማሪው ሁለቱንም ቁጥርና አራቱንም የገንዘብ ማረጋገጫ ገለበጠ። «ይኸን የጻፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኔ ነኝ» አሉ። ቃላቸውን ከሰጡ በኋላ ወረቀቱን እንዲፈርሙ ሰጣቸው። እናቲቱ ወዲያው አልፈረሙም። ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው ያነቡት ጀመር።